የመድኃኒት ነጋዴው ጄሲ ቡት፤ ከጠባብ ሱቅ ተነሥቶ የገነነው ሰው

ከጎተራ ወደ ሳሪስ የሚወርድ፣ ወይም ከቄራ ተነሥቶ በጎፋና በመካኒሳ በኩል ወደ ጀሞና ወደ ለቡ የሚሄድ መንገደኛ ዐይኑን ግራና ቀኝ ቢጥል ብዙ መድኃኒት ቤቶችን ያያል። አንዳንዶቹ ትልልቅ ናቸው። አብዛኞቹ ግን ከአንድ ክፍል የማይበልጡ፣ ከፎቅ ሥር ወይም በዳቦ ቤትና በጸጉር ቤት መካከል የተሸጎጡ ጠባብ ሱቆች ናቸው። ከባንኮኒው ጀርባ ነጭ ካፖርት የለበሰ ወጣት ቆሟል። ይህ ወጣት ብዙ ዓመት ተምሯል፤ ፈተና አልፏል፤ ፈቃድ አውጥቷል፤ ምናልባትም ከዘመድ ተበድሮ የቤት ኪራይ ከፍሏል። አሁን የሚጠብቀው ገዢ ነው። ገዢው ግን የእሱን ደጃፍ አልፎ ወደ ሌላው ይገባል፤ ወይም ታክሲ ተሳፍሮ ዋጋ ይረክሳል ወደ ተባለበት ወደ ከነማ መድኃኒት ቤት ሄዶ ይሰለፋል።

እንግዲህ ትንሽ መድኃኒት ቤት ደንበኛ የሚያገኘው በምንድን ነው? በዋጋ ርካሽነት ነውን? በማስታወቂያ ነውን? በፈገግታ ነውን? ወይስ ሌላ ምሥጢር አለው? ለዚህ ጥያቄ ከባዶ ምክር ይልቅ የአንድ ሰው ሕይወት የተሻለ መልስ ይሰጣል ብለን ስላመንን፣ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የጄሲ ቡትን ታሪክ ለማቅረብ ወደናል። ሰውየው እንግሊዛዊ ነው፤ ከሞተም ከዘጠና ዓመት በላይ ሆኖታል። ነገር ግን በወጣትነቱ ያጋጠመው ችግር በንፋስ ስልክ ላፍቶ ያለውን ወጣት መድኃኒት ቀማሚ ከሚያጋጥመው ብዙ የራቀ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢው ይወቅልን።

የቅጠል ሻጩ ልጅ

ጄሲ ቡት በ1850 በጁን ወር በኖቲንግሃም ከተማ ተወለደ። ኖቲንግሃም በእንግሊዝ አገር መካከል የምትገኝ፣ በዚያን ዘመን የዳንቴልና የካልሲ ሥራ የገነነባት ከተማ ነበረች። ሥራው ብዙ ሰው ከገጠር ስቦ ስላመጣ፣ ሠራተኛው በጠባብ ጉረኖ ቤቶች ተፋፍጎ ይኖር ነበር። በሽታም እንደ ጎረቤት ከቤት ወደ ቤት ይዘዋወር ነበር።

አባቱ ጆን ቡት አስቀድሞ የእርሻ ሠራተኛ ነበር። ሃይማኖተኛ፣ በሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያንም የሚያገለግል ሰው ነው። ስለ ዕፀዋት መድኃኒትነት በራሱ ጥረት ካጠና በኋላ፣ በ1849 ጉስ ጌት በሚባለው መንገድ ላይ አንዲት ትንሽ ሱቅ ከፍቶ ሥራሥርና ቅጠላ ቅጠል መሸጥ ጀመረ። የሚገዙት ድኾች ነበሩ። ሐኪም ለመጥራት የሚከፈለው ገንዘብ ከአንድ ሠራተኛ ዐቅም በላይ ስለ ነበረ፣ የታመመው ሁሉ ወደ ቅጠል ሻጩ ይመጣ ነበር።

ይህ ነገር ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። ኮሶና እንቆቆ፣ መተሬም ጭምር፣ ለስንት ዘመን የሆድ ትላትል መድኃኒታችን ሆነው ኖረዋል። ዳማ ከሴና ጤና አዳም እስከ ዛሬ ድረስ ከእናቶቻችን ጓሮ አልጠፉም። የኖቲንግሃም ድኻና የአዲስ አበባ ድኻ ቋንቋቸው ቢለያይም፣ ሲታመሙ በቅርብ ወደሚገኘውና ዋጋው ወደሚቀምሰው መድኃኒት መሄዳቸው አንድ ነው።

ጄሲ አሥር ዓመት ሲሆነው በ1860 አባቱ ሞተ። እናቱ ሜሪ ሱቁን ዘግታ አላለቀሰችም። ከዘመድ ወዳጅ እየታገዘች ሥራውን ቀጠለች። ልጁም ከእናቱ ጋር ወደ ገጠር እየወጣ ቅጠል ይለቅማል፤ ያደርቃል፤ ይወቅጣል፤ በወረቀት ይጠቀልላል። በዐሥራ ሦስት ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ሙሉ ጊዜውን ለሱቁ ሰጠ። በ1871፣ ሃያ አንድ ዓመት ሲሞላው፣ የእናቱ ሸሪክ ሆነና ሱቁ በእናትና በልጅ ስም ተጠራ። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የአንድ ታታሪ የድኻ ልጅ ታሪክ ነው። ከሺህ ሌሎች የሚለየው ከዚህ በኋላ ያሰበው ነገር ነው።

ዋጋው ስለ ምን ተወደደ?

በ1870ዎቹ የቅጠል ገበያ እየቀዘቀዘ ሄደ። ሕዝቡ በፋብሪካ ተዘጋጅቶ በጠርሙስና በካርቶን የታሸገ መድኃኒት መውደድ ጀመረ። ይህ የታሸገ መድኃኒት ግን በጣም ውድ ነበር። የከተማው መድኃኒት ነጋዴዎች ዋጋውን እንዳያወርዱ እርስ በርሳቸው ተግባብተዋል። ከነሱ መካከል ዋጋ የሚቀንስ ቢገኝ ሁሉም እንደ ከሐዲ ይቈጥሩት ነበር።

ወጣቱ ቡት ግን አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቀ። ይኸውም ዋጋው ስለ ምን ተወደደ የሚል ነው። ነገሩን በጥሞና በተመለከተ ጊዜ ምክንያቱ ሦስት ሆኖ አገኘው። አንደኛው፣ ነጋዴው ዕቃውን በጥቂት በጥቂቱ ስለሚገዛ አቅራቢው በውድ ዋጋ ይሸጥለታል። ሁለተኛው፣ በዱቤ ስለሚሸጥ የማይከፍሉት ሰዎች ዕዳ በሚከፍሉት ላይ ይጫናል። ሦስተኛው፣ ነጋዴው ከጥቂት ገዢ ብዙ ትርፍ ማግኘትን እንጂ ከብዙ ገዢ ጥቂት ትርፍ ማግኘትን አያስብም።

ይህን በእኛ ገንዘብ ብናሰላው ነገሩ ግልጽ ይሆናል። በቀን ዐሥር ዕቃ ሸጦ ከያንዳንዱ ሃያ ብር የሚያተርፍ ሰው ማታ ሁለት መቶ ብር ይቈጥራል። ዋጋውን አውርዶ ከያንዳንዱ ስምንት ብር ብቻ የሚያተርፍ፣ ነገር ግን በዚያው ምክንያት አምሳ ዕቃ የሚሸጥ ጎረቤቱ አራት መቶ ብር ይቈጥራል። ከዚህም በላይ አምሳ ሰው ደጃፉን ለምዶለታል። ይህ ሒሳብ ለማንም የተሰወረ አልነበረም። የታጣው ደፍሮ የሚጀምረው ሰው ነበር።

ቡት በ1877 የሱቁን ሥራ በሙሉ ተረከበና ሐሳቡን በተግባር አዋለው። ሌሎች በጥቂቱ የሚገዙትን እሱ በብዛት ገዛ። ዱቤ አስቀረና በእጅ ገንዘብ ብቻ የሚሸጥ መሆኑን አስታወቀ። በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ ወር በከተማው ጋዜጣ ላይ የ128 ዕቃዎችን ስምና የተቀነሰ ዋጋ ዘርዝሮ አወጣ። ኤፕሰም የሚባለውን ሆድ የሚያሽር ጨው ሌሎች አንዱን ወቄት በአንድ ፔኒ ሲሸጡ፣ እሱ ዐሥራ ስድስቱን ወቄት በዚያው በአንድ ፔኒ ሸጠ። ጋዜጣ ለማያነበው ሕዝብም ደወል እየደወለ በመንገድ የሚያስታውቅ ሰው ቀጠረ። ያ ሰው የደወለው ደወል ከቤት እመቤቶች ጆሮ ፈጥኖ ስለ ደረሰ፣ ጉስ ጌት በገዢ ተሞላ።

ነገር ግን ርካሽነት ብቻ እንዳልሆነ ልብ ማለት ይገባል። ቡት ርካሽ ዕቃ በቆሸሸ ሱቅ መሸጥ አለበት ብሎ አላመነም። ድኻው የገዛት ጥቂት ነገር በንጹሕ ወረቀት ተጠቅልላ እንድትሰጠው፣ መስኮቱ ሰፊ መስታወት ሆኖ ዕቃው ከውጭ እንዲታይ፣ ዋጋውም በግልጽ እንዲጻፍ አደረገ። ዋጋ ለመጠየቅ የሚያፍር ድኻ አስቀድሞ ዋጋውን በመስኮት አይቶ፣ ኪሱን ዳስሶ፣ ተማምኖ ይገባ ነበር። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ሰውን ማክበር ነው።

የባለሙያዎች ቁጣ

ሥራው በተስፋፋ ቍጥር ጠላቱም በዛ። የኖቲንግሃም መድኃኒት ነጋዴዎች በሁለት ነገር ከሰሱት። አንዱ ክስ፣ እንዲህ የረከሰ መድኃኒት ንጹሕ ሊሆን አይችልም፤ ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበታል የሚል ነበር። ሌላው ክስ ደግሞ ሰውየው የመድኃኒት ትምህርት ያልተማረ፣ ፈተናም ያላለፈ ነው የሚል ነበር። የሁለተኛው ክስ እውነትነት የሚካድ አልነበረም። ቡት የሠለጠነው በእናቱ ሱቅ እንጂ በትምህርት ቤት አይደለም። በ1868 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ መርዝነት ያላቸውን መድኃኒቶች መሸጥ የሚችለው ተፈትኖ የተመዘገበ ባለሙያ ብቻ መሆኑን ይደነግግ ነበር።

በ1880 ግን የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት በሌላ ጉዳይ ላይ አንድ ትልቅ ፍርድ ሰጠ። ሕጉ ስለ ግለሰብ እንጂ ስለ ኩባንያ የተናገረው ነገር ስለሌለ፣ ኩባንያ መድኃኒት ቤት ሊከፍት እንደሚችል ተወሰነ። ቡት ይህን በር አልዘለለውም። በ1883 ሥራውን ወደ ኩባንያ ለወጠና በሚቀጥለው ዓመት ኤድዊን ዋሪንግ የሚባል የተመዘገበ መድኃኒት ቀማሚ በደመወዝ ቀጠረ። ከዚያ ወዲያ በሐኪም ማዘዣ የሚዘጋጀውን መድኃኒት ሌሎች ከሚጠይቁት በግማሽ ያህል ዋጋ ማዘጋጀት ጀመረ።

በዚህ ላይ ጥቂት ብናስብ መልካም ነው። ቡት ዕውቀት እንደሚጐድለው በተነገረው ጊዜ ተቈጥቶ አልቀረም፤ ዕውቀት ያለውን ሰው ፈልጎ ከጐኑ አስቀመጠ። ስለ ንጽሕናው በታማ ጊዜም በቃል ከመሟገት ይልቅ መድኃኒቱን ራሱ ማምረትና ማስመርመር ጀመረ። በ1888 ኩባንያው የቡት ንጹሕ መድኃኒት ኩባንያ የሚል ትርጉም ያለው ስም ወጣለት። ይህ ስም ለከሳሾቹ የተሰጠ መልስ ሆኖ ይታየናል። ደግሞም ስም ሲወጣ ቀላል፣ ሲጠብቁት ግን ከባድ ነው። ንጹሕ ነኝ ብሎ በደጃፉ የጻፈ ነጋዴ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሕዝብ ፊት መሐላ እንደ ገባ ይቈጠራል።

ድካምና ትዳር

በ1885 ቡት ሠላሳ አምስት ዓመት ሆኖታል። በሊቨርፑልና በለንደን ገና ስሙ ባይታወቅም፣ በሼፊልድና በሊንከን ከተሞች ሱቆች ከፍቷል። ነገር ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ያለ ዕረፍት በመሥራቱ ሰውነቱ ዛለ። ሥራውን ሸጦ ለመገላገል እስከ ማሰብ ደረሰ። ዘመዶቹ መክረውት ጀርሲ ወደምትባለው ደሴት ለዕረፍት ሄደ።

በዚያች ደሴት ፍሎረንስ ሮው ከምትባል ወጣት ጋር ተዋወቀ። አባቷ መጽሐፍና የጽሕፈት መሣሪያ የሚሸጥ ነጋዴ ስለ ነበረ፣ እሷም በሱቅ ውስጥ ያደገች፣ የገዢን ጠባይ ዐዋቂ ነበረች። በ1886 ተጋቡ። ሥራውን ለመሸጥ ያሰበው ሰው ከዕረፍቱ የተመለሰው ከሚስቱ ጋር ሆኖ ሥራውን እጥፍ ድርብ ለማድረግ ቈርጦ ነው።

ፍሎረንስ መድኃኒት ቤት የሕመምተኛ መግቢያ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ፈለገች። የጽሕፈት ወረቀት፣ መጽሐፍ፣ ሽቶ፣ የስጦታ ዕቃና ሥዕል እንዲሸጥ አደረገች። በ1890ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በትልልቆቹ ሱቆች ውስጥ በጥቂት ገንዘብ መጽሐፍ የሚያውስ ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ። ይህ ቤተ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ከሱቁ በስተኋላ ወይም በላይኛው ፎቅ ነበር። መጽሐፍ ፈላጊው ወደዚያ ሲሄድና ሲመለስ ዕቃዎቹን እያየ ማለፉ ግድ ነው። መጽሐፍ ለመመለስ የመጣች እመቤት ሳሙናና የሳል መድኃኒት ይዛ ትሄዳለች። ይህ ቤተ መጻሕፍት መሥራቾቹ ከሞቱ በኋላ እስከ 1966 ድረስ ሲያገለግል ኖሯል።

ፍሎረንስ የሠራተኞቹንም ነገር ቸል አላለችም። በማለዳ ቁርስ ሳይቀምሱ የሚመጡትን ሴቶች ሠራተኞች አይታ ትኩስ ካካዎ እንዲቀርብላቸው ማድረጓ ይነገርላታል። የተራበ ሠራተኛ ለገዢ ፊቱን እንደማያበራ ታውቅ ነበርና ቸርነቷ ከማስተዋል ጋር የተያያዘ ነው።

በ1893 የቡት ሱቆች ሠላሳ ሦስት ነበሩ። በ1914 ከአምስት መቶ አምሳ በላይ ሆኑ። ነገሩን ከእኛ አገር ጋር ለማነጻጸር ያህል፣ የጆርጂያ ተወላጅ የሆነው ሐኪም ዶክተር ሜራብ በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ዘመናዊ መድኃኒት ቤት ከፍቶ በትውልድ አገሩ ስም ጆርጂያ ብሎ የሰየመው በ1910 ነው። ያ ዘመን አጼ ምኒልክ በጽኑ ታመው የተኙበት ዘመን ነበር። በአንድ አገር በመቶ የሚቈጠር መድኃኒት ቤት በአንድ ሰው ስም ሲቆም፣ በሌላው አገር ዋና ከተማ አንድ መድኃኒት ቤት መከፈቱ ታሪክ ሆኖ ይጻፍ ነበር። ዛሬ በአንድ ክፍለ ከተማ ብቻ ስንት መድኃኒት ቤት እንዳለ የሚያይ ሰው፣ ያ መቶ ዓመት ምን ያህል መንገድ እንዳስኬደን ይረዳል።

የነገሩ ሌላ ፊት

የሰውን ሕይወት ስንጽፍ ምስጋናውን ብቻ መዘርዘር አንባቢን ማታለል ስለሚሆን፣ የሚነቀፍበትንም ማንሣት ይገባናል።

አንደኛ፣ ቡት ሲጀምር ትንሽ ነበረ፤ ሲያድግ ግን ትንንሾችን የሚያስጨንቅ ትልቅ ሆነ። በእንግሊዝ ከተሞች ሁሉ አንድ ክፍል ይዞ የሚተዳደር ባለሙያ፣ የቡት ሱቅ በጎረቤቱ ሲከፈት እንቅልፍ ያጣ ነበር። በ1896 እነዚህ ባለሙያዎች የታሸገ መድኃኒት ዋጋ ከተወሰነው በታች እንዳይሸጥ የሚያስጠብቅ ማኅበር እስከ ማቋቋም ደረሱ። ቡት ተቃወማቸው። እውነቱ በማን ዘንድ እንደ ነበረ መፍረድ ቀላል አይደለም። መድኃኒት በርካሽ ያገኘች እናት ቡትን ትመርቃለች። በሙያው ሠላሳ ዓመት ቆይቶ ሱቁን የዘጋ ሽማግሌ ደግሞ ያዝንበታል። ሁለቱም እውነት አላቸው።

ሁለተኛ፣ በዚያን ዘመን በርካሽ የተሸጠው ሁሉ መልካም መድኃኒት አልነበረም። ከታሸጉት መካከል ምንም የማይፈውሱ ነበሩ፤ ኦፒየም የተባለው አደንዛዥ ወይም ብዙ አልኮል ያለባቸውም ነበሩ። በውስጡ ያለውን ነገር በካርቶኑ ላይ እንዲጽፍ ሕግ አምራቹን አያስገድደውም ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር በደወልና በጋዜጣ አስነግሮ መሸጥ ለሕዝብ ጥቅም ነው ለማለት አንደፍርም። መድኃኒት እንደ ስኳርና እንደ ሳሙና ብዙ በተሸጠ ቍጥር የሚጠቅም ዕቃ አይደለም። ለሚገባው ሰው፣ በሚገባው መጠን ሲሰጥ ብቻ ነው የሚጠቅመው።

ይህ ነገር ዛሬ በእኛ ዘንድ ከባድ ፈተና ሆኖ ይታያል። ማታ ሱቁ ጭር ባለ ጊዜ አንድ ሰው ገብቶ ያለ ሐኪም ማዘዣ ጸረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይጠይቃል። ወጣቱ መድኃኒት ቀማሚ እምቢ ቢለው ሰውየው ተቈጥቶ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ነገም አይመለስም። እሺ ቢለው ደንበኛ አገኘ ማለት ነው። ነገር ግን እንዲህ በዘፈቀደ የተወሰደ መድኃኒት ተዋሲያኑን ያለማምዳል። የተላመዱት ተዋሲያን ደግሞ በዚያው ሰፈር ላለ ሕፃን ይተርፋሉ፤ ሕፃኑም በእውነት ሲታመም መድኃኒቱ አልሠራ ይለዋል። ደንበኛ ለማብዛት ተብሎ የሰፈርን መድኃኒት ማምከን ምን ዐይነት ንግድ ነው? ጎረቤቱ ስለ ሸጠ እሱም ይሽጥ ማለትስ ለተማረ ሰው መልስ ይሆናልን? አይሆንም።

ሕመሙና ፍጻሜው

ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲጀምር ቡት የመገጣጠሚያ ሕመም ያዘው። ሕመሙ ከዓመት ወደ ዓመት እየጸና ሄዶ እጁንና እግሩን አሰረው። መድኃኒት በሰረገላ እያስጫነ ለመላው እንግሊዝ የሚያከፋፍለው ሰው ለራሱ የሚሆን መድኃኒት አላገኘም። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሰው እየደገፈው ሥራውን ይመራ ነበር። ጽናቱ ያስደንቃል፤ ዕጣውም ያሳዝናል።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በ1914 ሲነሣ፣ ከጀርመን ይመጡ የነበሩ መድኃኒቶች ወደ እንግሊዝ መግባታቸው ቆመ። ያን ጊዜ የቡት ፋብሪካ አስፕሪንና ሳካሪን እንዲሁም ለወታደሮች ውሃ የሚያጠራ እንክብል በማምረት አገሩን ረዳ። አስቀድሞ በ1909 የናይትነት ማዕርግ ተሰጥቶት ነበር፤ በ1917 ደግሞ ባሮኔት ተባለ።

በ1920 ቡት ኩባንያውን ለአንድ የአሜሪካ ኩባንያ በሁለት ሚሊዮን ከሩብ ፓውንድ ሸጠ። ጆን የተባለው ልጁ ሥራውን ሊወርስ ሲጠባበቅ የነበረ ቢሆንም፣ አባትየው ለልጁ አላወረሰውም። አባት ብዙ ሺህ ገዢዎችን ማሳመን ችሎ ከገዛ ልጁ ጋር መተማመን ሳይችል መቅረቱ፣ ሥራ ብቻ የሞላበት ሕይወት የሚያስከፍለውን ዋጋ ያሳያል። ሆኖም በ1933 ኩባንያው እንደገና ወደ እንግሊዛውያን ባለሀብቶች እጅ ሲመለስ መሪው ያው ልጁ ጆን ነበር።

ከሽያጩ ካገኘው ገንዘብ ብዙውን ለከተማው ሰጠ። በዐሥራ ሦስት ዓመቱ ትምህርቱን ያቋረጠው ሰው፣ ለኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሃይፊልድስ የሚባለውን ሰፊ መሬትና የሕንጻ ማሠሪያ ገንዘብ ለገሠ። አዲሱን ሕንጻ በ1928 ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ መርቀው ከፈቱት። ኮሌጁ በ1948 ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ቡት ግን ይህን አላየም። በ1929 የትሬንት ባሮን ተብሎ ከጌቶች ተቈጠረ፤ በ1931 በጁን ወር፣ ሰማንያ አንድ ዓመቱን እንደ ጨረሰ፣ ሚስቱን ባገኘባት በጀርሲ ደሴት ዐረፈ።

ከዚህ ሕይወት ምን እንማራለን?

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ያለው ወጣት መድኃኒት ቀማሚ ይህን አንብቦ እኔ በብዛት የምገዛበት ገንዘብ ከየት አመጣለሁ ቢል እውነት አለው። በዋጋ ከትልልቆቹ ጋር መታገል ለትንሹ አይሆንለትም። ደወል ደውሎ መድኃኒት የሚለፈፍበት ዘመንም አልፏል፤ በሐኪም ማዘዣ የሚሰጥ መድኃኒት በአደባባይ ሊለፈፍ አይገባውም። ታዲያ የቡት ታሪክ ምን ይጠቅመዋል?

የሚጠቅመው ቡት መጀመሪያ ላይ የጠየቀው ጥያቄ ነው። ቡት ዕቃዬን እንዴት ልሽጥ ከማለቱ በፊት ሰፈርተኛው ምን ቸገረው ብሎ ጠየቀ። በኖቲንግሃም ድኻውን የቸገረው ዋጋ ነበር። በጀሞ ወይም በጎፋ የሚኖረውን ሕመምተኛ የሚቸግረው ደግሞ ዋጋው ብቻ አይደለም። የስኳር ሕመምተኛዋ እናት በየወሩ የምትወስደውን ኢንሱሊን አንዱ ጋ ስታጣ ሌላው ጋ ትንከራተታለች። የደም ግፊት ያለባቸው አባት መድኃኒቱ ሲሻላቸው ማቆም እንደሌለባቸው የነገራቸው የለም። ልጇን ያዘለች ወጣት እናት ሽሮፑን በሻይ ማንኪያ ወይስ በሾርባ ማንኪያ እንደምትሰጥ ሳይገባት፣ ለመጠየቅም አፍራ ትሄዳለች።

እነዚህን ሦስት ሰዎች የሚያስተናግድ ሰው ደንበኛ አያጣም። ኢንሱሊኑን ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ማቀዝቀዣ የሚያኖር፣ መብራት በጠፋ ጊዜ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ያሰበ፣ የወሩ ቀን ሲደርስ መድኃኒቱን አዘጋጅቶ የሚጠብቅ መድኃኒት ቤት ሩቅ አገር ቢሆን እንኳ ይኬድበታል። አወሳሰዱን በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ በጉልህ ጽፎ በካርቶኑ ላይ የሚለጥፍ፣ አባትዬው ጆሯቸው ቢከብድ ሁለት ጊዜ የሚያስረዳ፣ ሕመምተኛው የሚያፍርበትን ነገር በሰው ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው ይታመናል። መድኃኒቱ እሱ ዘንድ ሳይኖር ሲቀር የት እንደሚገኝ አመልክቶ የሚሰድም ሰው በዚያን ቀን ገዢ ቢያጣ፣ ለሌላ ቀን ወዳጅ አፍርቷል። ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ከመደርደሪያ አውርዶ ኪሳራውን በጸጋ የሚቀበል ሰው ደግሞ፣ ቡት በደጃፉ የጻፈውን ንጹሕ የሚለውን ቃል በሥራ እየጻፈው ነው።

ይህ ምክር ለመድኃኒት ነጋዴ ብቻ የተሰጠ አይደለም። በመሥሪያ ቤት ከጠረጴዛ ጀርባ የተቀመጠ ወጣት ሹምም ባለጉዳይ አለው። ባለጉዳዩ ወደ ሌላ ሱቅ የመሄድ ዕድል የለውምና የሹሙ ኃላፊነት ከነጋዴው ይበልጣል። ተማሪውም ነገ ከሁለቱ አንዱን መሆኑ አይቀርምና ከወዲሁ ቢያስብበት አይጐዳም።

ስለ ማስታወቂያ ነገር አንድ ቃል ጨምረን እናብቃ። ንፋስ ስልክ የሚለው የሰፈሩ ስም የመጣው፣ ያለ ሽቦ በነፋስ ቃል ከሚያስተላልፈው ከራዲዮ ስልክ ነው። በዚያን ጊዜ ቃል ሽቦ ሳይኖረው መሄዱ ለሕዝቡ ተአምር ነበር። ነገር ግን ሰፈርተኛ ከጥንት ጀምሮ የራሱ የነፋስ ስልክ አለው። አንዲት እናት ከመድኃኒት ቤት ወጥታ በዳቦ ሰልፍ ላይ ለጎረቤቷ የምትነግረው፣ እዝን ላይ፣ ዕድር ላይ፣ ቡና ላይ የሚወራው ቃል በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሳሪስ እስከ ለቡ ይደርሳል። ቡት ለደወል ደዋይ ደመወዝ ይከፍል ነበር፤ የሰፈር ወሬ ግን ደመወዝ አይጠይቅም። ደጉንም ክፉውንም እኩል ያደርሳል። በጠባቡ ሱቅ ውስጥ ነጭ ካፖርት ለብሶ የቆመው ወጣት ማታ መዝጊያውን ሲያወርድ፣ የዕለቱን ገንዘብ ከመቍጠሩ በፊት፣ ዛሬ ከደጃፉ የወጣው ሰው ስለ እሱ ምን እያለ እንደሄደ ቢያስብ የነገ ደንበኞቹ ቍጥር በዚያ ይታወቀዋል።